ያልተንኳኳው በር

አኔሊ ከቤት ስትወጣ ጫማዋን ታደርጋለች፣ ካፖርቷን ትለብሳለች፣ ቦርሳዋን ታንጠለጥላለች፤ በሩን ግን ወዲያው አትከፍትም። ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰማች እስኪያልፍ ትጠብቃለች። የምትሸሸው ሰው ኖሮ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ድንገት ተገጣጥሞ "ዛሬ ደግሞ ነፋሱ በረታ" ከመባባል ለመዳን ነው። እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ነካ ያደርጋታል ባልን ነበር፤ በስዊድኗ ከተማችን በኖርሾፒንግ ግን ደረጃ ያለው ሕንፃ ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ነው። አንዳንድ ጠዋት በየፎቁ አንድ አንድ ሰው ካፖርቱን ለብሶ ከበሩ ጀርባ ይቆምና፣ አንዱ የሌላውን መውጣት ሲጠብቅ ሁሉም ሥራ ይረፍድበታል። እኛ ይህን ጨዋነት እንለዋለን። ሰው አለማስቸገር ማለት ነው፤ ሰው ከማስቸገር የከፋ ኃጢአት ደግሞ በዚህ ከተማ የለም።

አኔሊ ስድሳን ካለፈች ቆይታለች። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው። ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ገንፎ ታሞቃለች፣ ኪኒን ታስውጣለች። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚነዳት ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። የአንዷን ፀጉር አበጥራ ሳትጨርስ ስልኩ ይንጫረራል፤ ለቀጣዩ ቤት ዘገየሽ ማለቱ ነው። ጉልበቷ አልቋል፣ ትከሻዋም አልቋል። ማታ ቤቷ ስትገባ የጫማዋን ማሰሪያ ለመፍታት ጎንበስ ማለት ራሱ ሌላ ፈረቃ ይሆንባታል።

ግን ቤት አላት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ከነበረንዳው። የኪራይ ነው፤ ሙሽራ ሆና የገባችበት ነው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ቤቱ አልሄደም። በበጋ ፀሐይዋ ከእራት በኋላም በረንዳው ላይ ትቆያለች። ከታች ቢጫው ትራም ሐዲዱ ላይ ሲጢጥ እያለ ይታጠፋል፤ በረዶው ሲቀልጥ የወንዙ ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማል። ኪራዩ ከደሞዟ ተከፍሎ ለዓሣ፣ ለቡና፣ በዓመት አንዴም ባሕሩ ዳር ጎጆ ተከራይቶ ለመሰንበት የሚሆን ይተርፋት ነበር። ከዚህ በላይ ኑሮ ተመኝታ አታውቅም። ደክማ ትመጣለች፣ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ትላለች፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ታሳርፋለች። ለዚያች ሰዓት ስትል ቀኑን ትችለዋለች።

በቅርብ ዓመታት ከስቶክሆልም የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ከባቡር ይወርዱና በየበጋው መናፈሻው ውስጥ በሥዕል መልክ የሚተከለውን ቁልቋል ፎቶ አንስተው፣ "እዚህ ኑሮ ርካሽ ነው፣ ውሃው ያምራል፣ ልጅ ለማሳደግ ይመቻል" ይላሉ። የአኔሊ እናት በሽመና መኪናው ጩኸት ጆሮዋ የደነቆረበት ፋብሪካ ዛሬ ጣሪያው ከፍ ያለ መኖሪያ ሆኗል፤ የሚገቡበትም እነሱ ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ርካሽ የሆነው ለማን እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። እኛም አልነገርናቸውም፤ ማስቸገር ይሆናላ።

የአኔሊን ሕንፃ የገዛው ኩባንያም ይህንኑ ወሬ ሰምቶ የመጣ ነው። ቧንቧው አርጅቷል አለ። እውነቱን ነው፣ አርጅቷል። ነገር ግን ቧንቧውን ሲቀይር አብሮ ወጥ ቤቱን ሊያፈርስ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ እስከ ጣሪያው ሴራሚክ ሊያለብስ፣ ፎጣ የሚያሞቅ ብረት ሊገጥም፣ በረንዳውን በመስታወት ሊዘጋ አስቧል። ከዚያ በኋላ ኪራዩ በግማሽ ያህል ይጨምራል። አኔሊ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ነው የቀራት፤ ሒሳቡን ለመሥራት እርሳስ አላስፈለጋትም። ፎጣው ይሞቃል፣ እሷ ግን እዚያ አትኖርም።

ሕጉ ታዲያ ተከራይን ጨርሶ አልጣለውም። ኩባንያው ተከራዮቹ ሳይስማሙ እንዲሁ ተነስቶ ወጥ ቤት ማፍረስ አይችልም። እምቢ ካሉት ወደ ኪራይ ሸንጎ ሄዶ መከራከር አለበት፤ ሸንጎው ደግሞ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማል። ይህን አኔሊ ታውቃለች። የማታውቀው ጎረቤቶቿ ምን እንዳሰቡ ነው። ሁሉም እምቢ ካሉ እሷም እምቢ ትላለች። ብቻዋን ከሆነች ግን፣ በዚህ ዕድሜዋ ሸንጎ ፊት ቆማ አስቸጋሪዋ ሴትዮ መባልን አትችለውም።

ማልቴ የሚባለው የኩባንያው ወጣት ሠራተኛ ቀጠሮ ይዞ መጣ። በር ላይ ጫማውን አወለቀ፣ በካልሲው ገብቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ፤ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ በከረጢት ይዞላት ነበር። ደግ ፊት አለው። የስምምነቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስለ አዲሱ ምድጃ ብዙ አወራት። አኔሊ ዳቦውን እየቆረሰች ሌሎቹ ምን እንዳሉ ጠየቀችው።

"ስለ ሌላ ሰው መናገር አልችልም" አላት። "ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ደረጃ ካሉት ቤቶች የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ሁሉም ፈርመዋል?"

"አላስጨንቅሽም አኔሊ፣ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ብቻ አንድ ቤት ሲጓተት ሥራው በሙሉ ይጓተታል፤ ጎረቤቶችሽ ውሃ ተዘግቶባቸው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። እነሱን ማስቸገር እንደማትፈልጊ አውቃለሁ።"

ልጁ የት እንደሚወጋ ያውቃል። አኔሊ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲታገሣት ለመነችው፤ እሱም ደስ እያለው እሺ አለ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ አኔሊ ከቤቷ ወጥታ ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ሚርሳዳ በር ተሻገረች። ሚርሳዳ ከቦስኒያ ጦርነት ሸሽታ ከባሏ ጋር የመጣች፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። በር ለበር ሆነው ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ከሰላምታ ያለፈ ወሬያቸው ቢሰበሰብ ግን አንድ ምሳ አይሞላም። አኔሊ ልትጠይቃት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነት ፈርመሽ ነው ወይ? እጇን አነሳች። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ የሚጠበስ ሽንኩርት ይሸታል። እራት ሊቀርቡ ነው ብላ አሰበች። ሳይነግሩ መምጣት ነውር ነው። ደግሞ የፈረመ ሰው "ፈረምሽ ወይ?" ሲባል ወቀሳ ይመስለዋል። የበሩን ምንጣፍ እያየች ጥቂት ቆመች። ከዚያ እጇን አወረደች፣ ተመለሰች፣ በሯንም ድምፅ እንዳያሰማ በቀስታ ዘጋችው።

አርብ ዕለት ፈረመች።

ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራው የሚያዘው በሰሌዳ ነው። ሁሉም ተከራይ የየራሱን ትንሽ ቁልፍ የሚፈልገው ሰዓት ላይ ይሰካል፣ የሰካውን ሰዓት ማንም አይነካበትም። ሰዓቱን ያሳለፈ፣ ወይም ከማድረቂያው ውስጥ ብናኙን ሳይጠርግ የወጣ ሰው፣ በማግስቱ በሩ ላይ ስም የሌለው ማስታወሻ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ደረጃ ላይ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አንበሳ ነው።

አኔሊ ከፈረመች ሁለት ወር ገደማ በኋላ ልብሷን ተሸክማ በተራዋ ስትወርድ ማድረቂያው የሌላ ሰው ልብስ ይዞ ይዞራል። ሚርሳዳ አግዳሚው ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ከሥራ መጥቼ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ" አለች። "አደራሽን ማስታወሻ እንዳትለጥፊብኝ።"

"እኔ ለጥፌ አላውቅም።"

"ባለፈው የገና ሰሞን የለጠፍሽውስ? ጽሕፈትሽን መቼ አጣሁት።"

አኔሊ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። አኔሊ ቅርጫቱን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች፤ መቆሙም አልሆነላት። ማድረቂያው እስኪጨርስ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለከበዳት ቤት እየፈለገች እንደሆነ ነገረቻት። በከተማው የቤት ወረፋ ላይ ስሟ የሰፈረው ዘግይቶ ስለሆነ በአቅሟ የሚገኝ ነገር የለም፣ ምናልባት ከከተማው መውጣቷ አይቀርም።

ሚርሳዳ ዞር ብላ አየቻት። "ቀድመሽን የፈረምሽው አንቺ፣ የምትሄጂውም አንቺ?"

"እኔ? እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ሁላችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ነው።"

ማድረቂያው ዞሮ ዞሮ ቆመ። ሚርሳዳ ልብሱን ለማውጣት አልተነሳችም።

"እኔ የፈረምኩት ከአንቺ በኋላ ነው" አለች። "ያ ልጅ ዳቦውን ይዞ መጣና 'የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ' አለኝ። ለባሌ ምን አልኩት መሰለሽ? አኔሊ ከፈረመች እኛ ማን ነን? እሷ የአገሩ ሰው ናት፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ታውቃለች አልኩት።"

አኔሊ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። "ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"በበሩ መመልከቻ ቀዳዳ አይቼሻለሁ። የበርሽን ድምፅ ስሰማ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ትቼ መጣሁ። እጅሽን አንስተሽ ቆመሻል። አሁን ታንኳኳለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅሽ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልከፈትሽልኝም?"

"ስላላንኳኳሽ።"

ይህን ያለችው በንዴት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ድስት ስታነሳና ስትጥል እንደዋለች ሴት በደከመ ድምፅ ነው ያለችው፤ አኔሊንም የባሰ የጎዳት ይኸው ነው።

"አገሩን ሳላውቅ አንኳኳ ነበር" ስትል ቀጠለች ሚርሳዳ። "ትዝ ይልሻል? ቡሬክ ጋግሬ፣ ሥጋውን በስስ ሊጥ ጠቅልዬ፣ ትኩሱን አመጣሁልሽ። በሩን ገርበብ አድርገሽ ተቀበልሽኝ፣ አመሰገንሽኝ። በማግስቱ ሳህኑን ታጥቦ፣ በፌስታል ሆኖ፣ የበሬ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሌላ ጊዜም ሞከርኩ፣ ሳህኑ ያው ተንጠለጠለ። በኋላ ገባኝ። ለመማር ጊዜ ፈጀብኝ አኔሊ፣ ግን ተማርኩ። አሁን ከእናንተ በላይ የእናንተ ሰው ነኝ።"

አኔሊ ሳህኑ ትዝ አላት። ሰማያዊ ጠርዝ ነበረው። አንጠልጥላ ስትመለስ ደወል ደውላ ሰው ስላላስቸገረች በራሷ ረክታ እንደነበርም ትዝ አላት። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ልብሱን እዚያው ትተው ሁለቱ አብረው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስቱሬ ይኖራል። ስቱሬ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ ሆኖ ለብዙ ዓመት ሠርቷል፣ በጉልምስናው ዘመን አንድ ጠዋት የከተማውን ትራም በሙሉ አስቁሞ ያውቃል። ሚርሳዳ አንኳኳች። የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀርቦ ቆመ። የበሩ ቀዳዳ ጨለመ።

"ስቱሬ፣ እንዳለህ እናውቃለን" አለች ሚርሳዳ።

ስቱሬ ከፈተ። የሚያውቁትን ሲነግሩት መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። እሱም እንደነሱ የመጨረሻው ሰው ነበር። እሱም ዳቦውን በልቷል። እየተነጋገሩ ሲሄዱ ሌላም ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ተከራዮች አብረው እምቢ ብለው፣ ሸንጎው ቧንቧ ብቻ እንዲቀየር ፈርዶ፣ ኪራያቸው ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው። ስቱሬ ይህን ያውቅ ነበር።

"ታዲያ ምነው ሳትነግረን?" አለችው አኔሊ።

"የፈረማችሁ መስሎኝ ነዋ። በሰው ጉዳይ እንዴት እገባለሁ?" ስቱሬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "ሠራተኛው አንድ ላይ ካልቆመ አንድ በአንድ ይበሉታል እያልኩ ዕድሜዬን ስሰብክ ኖርኩ። ከታች ያለውን በር ለማንኳኳት አሥራ ምናምን ደረጃ መውረድ አቃተኝ።"

በማግስቱ ሦስቱም ስቱሬ ወጥ ቤት ተሰብስበው ወደ ኩባንያው ደወሉ። ማልቴ አልተቆጣም፣ እሱ ተቆጥቶም አያውቅ። ፊርማን የመሰረዣው ጊዜ እንዳለፈ በጥሩ አነጋገር አስረዳቸው። "የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ" ያለውም በዚያ ቀን ካነጋገራቸው ውስጥ ማለቱ እንደነበር ነገራቸው። የተከራዮች ጉዳይ የምታውቅ አንዲት ሴት ዘንድ ደግሞ ስቱሬ ሄደ፤ ሴትዮዋ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለችው። ስቱሬ ይህን ቃል ለሁለቱ ሲነግር ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ሚርሳዳና ባሏ ደሞዛቸው ሁለት ስለሆነ ተጨማሪ ሥራ ይዘው ሊቆዩ ወሰኑ። ስቱሬን ልጁ ያግዘዋል። አኔሊ ግን ፊንስፖንግ በምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ አንድ ክፍል አገኘች። ወደ ሥራዋ በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ነው፤ ጠዋት በጨለማ ትወጣለች፣ ማታም በጨለማ ትገባለች። ቤቱ በረንዳ የለውም። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያያል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው።

በለቀቀችበት ቀን የሕንፃው ደረጃ እንደዚያ ሰው አይቶ አያውቅም። ሁሉም በሩን ከፍቶ ወጣ። ስቱሬ ወንበሮቿን አወረደላት። ስሟን አኔሊ የማታውቀው ከምድር ፎቅ ያለች ሴት ሳይቀር የአበባ ማሰሮዎቿን አቅፋ ወደ መኪናው ወሰደችላት። ሲያዩዋቸው የዕድሜ ልክ ወዳጆች ይመስላሉ። አኔሊ ይህን እያየች አለቀሰች፣ ልቅሶዋ የሐዘንም የንዴትም ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር? እዚሁ ነበር። ከበሩ ጀርባ።

ሚርሳዳ በመጨረሻ ቡሬክ ይዛ ወረደች። ሳህኑ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ያው ሳህን ነው።

"ይህን እጀታዬ ላይ እንዳታንጠለጥዪው" አለቻት። "ራስሽ ይዘሽው ትመጫለሽ። ታንኳኪያለሽ፣ እከፍትልሻለሁ።"

ፊንስፖንግ የመጀመሪያ ማታዋን አኔሊ በሣጥኖች መካከል አሳለፈች። ከቡሬኩ ቁራሽ በላች። ከበላይዋ ሰው ይራመዳል፤ ከመስኮቱ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መስኮት። ኮቴውን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ የቀረውን ቡሬክ ግማሹን ወደ ራሷ ሳህን ገልብጣ፣ ግማሹን በሚርሳዳ ሳህን ላይ እንዳለ ይዛ፣ በአንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ ጨብጣ ወጣች።

አንኳኳች።

ኮቴው ወደ በሩ መጣና ቆመ። የበሩ ቀዳዳ ጨለመ። አኔሊ ከበሩ ማዶ የሚደረገውን ሁሉ ታውቀዋለች። ያ ሰው ወለሉ እንዳይንቋቋ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሏል። ትንፋሹን ይዟል። እሷ እንድትሄድለት እየጠበቀ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችው ሥራ ነው። እጇ ሳህኑን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ለመውረድ ቸኮለ፤ "ይቅርታ፣ ላስቸግር ብዬ አይደለም" የሚለውም ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ሰው እንዳለ አውቃለሁ" አለች ለበሩ። "አኔሊ እባላለሁ፣ ከታች ያለው ቤት ዛሬ ነው የገባሁት። አልቸኩልም።"

ቆማ ልትጠብቅ ጉልበቷ እሺ አላላትም። የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከበሩ ጀርባም የሚርቅ ኮቴ አልተሰማም።